ነጩ መደብ

ብላክሎ መንደር፣ ኖርዘምበርላንድ
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2016

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጆሲ፣

መልሴ እሺ ነው። እሺ፣ እሺ፣ እሺ! ደብዳቤሽ ሲመጣ ሁለቱም እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር፤ እስክታጠብ አላስቻለኝም፣ ፖስታውን በጥርሴ ነው የቀደድኩት። አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ ለድመቷ አነበብኩት። በመሰናዶ ያለ ተማሪ የራሱን ጥያቄ ራሱ አንስቶ፣ ራሱ መርምሮ፣ አምስት ሺህ ቃል ጽፎ፣ ሰው ፊት ቆሞ ያስረዳል ማለት ነው? በእኛ ጊዜ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ ኮሪደር ላይ ነበር የሚቆመው። እኔማ በአስራ ስድስት ዓመቴ በትምህርት ቤቱ የፊት በር ወጥቼ፣ በወሩ በጓሮ በር ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ፤ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጭልፋ ይዤ እዚያው ነኝ።

እና ካለው ጥያቄ ሁሉ መርጠሽ የአያትሽን ባሮ ሽንኩርት! «የዊልፍ ውሃ ባሮ ሽንኩርትን በእውነት ያሳድጋል ወይ?» አባዬ በሕይወት ቢኖር መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ ቀጥሎ ለመንደሩ ሁሉ በኩራት ያወራ ነበር። እናትሽስ ምን አለች? እሷ እኮ ባሮ ሽንኩርት ጠልታ ነው እስከ ፕሊመዝ፣ እስከ አገሩ ጫፍ ድረስ የሸሸችው። አንድም ቀን መደብ ውስጥ እጇን አላስገባችም። የሰጠኋትን ቁልቋል እንኳ በውሃ ጥም የገደለች ሴት ናት።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። ቦታው አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። አባዬ ካረፈ ወዲህ አረም እንዳይበላው ድንች ስተክልበት ነበር። ሁለት መደብ አዘጋጃለሁ፤ ውሃ ካንዱ ወዳንዱ እንዳያልፍ መሀላቸው ጣውላ እቀብራለሁ። ቡቃያውን ሁሉ ከአንዲት እናት ተክል ነው የምወስደው፤ ሃያ አራት መንትያ በያቸው። አስራ ሁለቱ የአባዬን ውሃ ይጠጣሉ፣ ለእነሱ ቀይ ጥብጣብ አስራለሁ። አስራ ሁለቱ ተራ ውሃ ይጠጣሉ፣ ለእነሱ ነጭ ጥብጣብ። ቀዩ መደብና ነጩ መደብ። አያምርም?

ውሃው ውስጥ ምን አለ ላልሽው ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። የዝናብ ውሃ፣ በጆንያ የታሰረ የበግ በጠጥ፣ ጥቁር ስኳር፣ ጋዙ የወጣለት ቢራ። እስከዚህ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚገባውን አባዬ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው በጆሮዬ ነው የነገረኝ፤ «ከቤት እንዳይወጣ» ብሎኛል። አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፣ አማካሪሽ ሚስ ፔንሮዝ ግን አይደሉም። በመንደሩ የባሮ ሽንኩርት ውድድር አስራ አንድ ዋንጫ ያመጣ ውሃ ነው፤ «የዊልፍ ውሃ» ብለሽ ጻፊው፣ ይበቃዋል።

ስለ ዩኒቨርሲቲው የጻፍሽውንም ደጋግሜ አነበብኩት። ኬሚስትሪ እንዳስቸገረሽ፣ በዚህ ጥናት ከፍተኛውን ውጤት ካመጣሽ ግን የዕፅዋት ትምህርት ክፍሉ በፈተናው አንድ እርከን ዝቅ ብሎ እንደሚቀበልሽ። ገብቶኛል። መግቢያሽ የተንጠለጠለው በእነዚህ ሃያ አራት ሽንኩርቶች ላይ ነው ማለት ነው። አደራሽ በእጄ ነው።

እጇ እስካሁን ሊጥ ሊጥ የሚለው አክስትሽ፣
ሃይዘል

ይህንንም እይው፦ ስልክ ትተን በደብዳቤ ብቻ እንነጋገር፣ ደብዳቤው ለማስረጃ ከጥናቱ ጋር ይያያዛል ካልሽ፣ ሚስ ፔንሮዝ ያነቡታል ማለት ነው። ሰላም በይልኝ። ፊደል ከሳትኩ ይለፉኝ።


ፕሊመዝ
እሑድ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2016

አክስቴ፣

አይቻልም። ለነጩ መደብ «ለቅምሻ ያህል» እንኳ አይቻልም። «በልደታቸው ቀን»ም አይቻልም፤ ባሮ ሽንኩርት ልደት የለውም። ነጩ ካልተራበ ቀዩን ምን እንደጠቀመው በምን እናውቃለን? ማነጻጸሪያው እሱ ነው። ጥናቱ በሙሉ የቆመው በነጩ መደብ ላይ ነው።

ግን ስሚኝ፣ ፈቀዱልኝ! ርዕሳችንን ተራ በተራ ተነስተን ስንናገር አንዱ ስለ ሞት ቅጣት አለ፣ አንዷ ስለ ጨረቃ ጉዞ አለች። እኔ «ባሮ ሽንኩርት» ስል ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ሚስ ፔንሮዝ ብዕራቸውን አስቀመጡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ከሃያ ሁለት ተማሪ፣ መልሱን ማንም የማያውቀውን ጥያቄ ያመጣችው እሷ ብቻ ናት።» አክስቴ፣ ከወንበሬ ልዘል ነበር!

እንግዲህ ሕጉ ይኸው ነው። በየእሑዱ ወገባቸውን፣ ማለት የግንዳቸውን ዙሪያ፣ ትለኪያለሽ። በኢንች አይደለም፣ በሴንቲ ሜትር ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አብሬ ልኬልሻለሁ። ያየሽውን ትጽፊያለሽ፣ የሚያስደስት ባይሆንም። የሂደት መዝገብ የሚባል አለኝ፤ ያቀድነውን፣ የቀየርነውን፣ የተሳሳትነውን ሁሉ ከነቀኑ የምጽፍበት። ሚስ ፔንሮዝ እንደሚሉት ነጥቡ ያለው ትክክል በመሆን ሳይሆን መንገዱን በማሳየት ላይ ነው።

እማማ «ሃይዘልን ጤና ይስጥልኝ በያት፣ ሽንኩርቶቹን ግን አላውቃቸውም» ብላለች።

ተመራማሪዋ ጆሲ

ድመቷን በምስክርነት እንዳታስፈርሚ።


ብላክሎ
እሑድ፣ ጁን 12 ቀን 2016

ውድ ጆሲ፣

ሁለት ሳምንት ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ወሩ የትምህርት ቤት ስፖርት በዓል ነበር፣ ለሦስት መቶ ልጅ ፓይ ስጋግር ነው የከረምኩት።

ሃያ አራቱም ሥር ይዘዋል። በሜይ መጀመሪያ ነው ከቤት ወደ መደቡ ያወጣኋቸው፤ ሁሉም የአንገት ልብስ አላቸው፣ ግንዳቸው እንዲነጣ ብዬ በካርቶን ጠቅልያቸዋለሁ። ዛሬ የለካሁት ይኸውልሽ፦ ቀዮቹ በአማካይ አስራ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ነጮቹ ዘጠኝ። ታምኛለሽ? በዚህ ዕድሜዬ የሳይንስ ሰው ሆንኩ! በወጥ ቤት ያሉት ሴቶች «ዶክተር ሃይዘል፣ ድንቹ ይላጥ ወይስ ይጠና?» እያሉ ይሳለቁብኛል።

ኖርማን አይቷቸዋል ወይ ላልሽው፣ እንዴት አያይም! የአጥር ጎረቤት ነው፤ አስራ አንድ ጊዜ ከአባዬ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣ ሰው የዊልፍን መደብ ሳያይ አይውልም። ትናንት አጥሩ ላይ ተደግፎ ሻዩን ፉት እያለ፣

«ሃይዘል፣» አለኝ፣ «ቀይ ያሰሩት ድግስ ላይ ናቸው። ነጮቹ ምን አጥፍተው ነው?»

«ምርምር ነው።»

«ምርምር! በዊልፍ መሬት ላይ የከሳ ባሮ ሽንኩርት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌው ይህን ቢያይ ከመቃብሩ ተነስቶ ጭልፋውን ይቀማሽ ነበር።»

«አንተ ሁለተኛ፣ ወደ መደብህ ተመለስ!» አልኩት።

እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የነጮቹ ቅጠል ጫፉ ገርጥቷል። መንገድ ዳር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ያያቸዋል። ዓርብ ደግሞ ምሳ ስቀዳ አንድ ልጅ ባዶ ሰሃኑን ዘርግቶ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነጩ መደብ ትዝ አለኝ። ተይው፣ ሞኝነቴ ነው።

ስለ ነጩ መደብ በቀጥታ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ፣ ደህና ነው። እስከ ዛሬ ጠብታ አልቀመሰም።

አክስትሽ ሃይዘል


ብላክሎ
ጁላይ 24 ቀን 2016

ጆሲ፣
ቀይ፣ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር። ነጭ፣ 19 ተኩል።
ዝናብ ዘንቧል። ድመቷ ደህና ናት።
ሃይዘል


ፕሊመዝ
እሑድ፣ ኦገስት 7 ቀን 2016

አክስቴ፣ ታመሻል እንዴ? አንቺ በሁለት መስመር ስትጽፊ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። የዚህ ሳምንቱም ቁጥር ብቻ ነው። ጉልበትሽ ከሆነ ንገሪኝ።

ቁጥሩ ግን፣ ቁጥሩ! ግራፉን ሠራሁት፣ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። በጁን ቀዩ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይመራ ነበር። ከዚያ ነጩ ከተኛበት ተነስቶ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ አሁን ሁለቱም ሃያ አምስት! እኩል ለእኩል! ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የአያቴ ውሃ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያፈጥናል፤ በመጨረሻ ግን ምንም አይጨምርም። አስራ አንዱን ዋንጫ ያመጣው ውሃው አልነበረም! ሁሉም ሰው የሚያምነውን ነገር ተራ ውሃ አሸነፈው! ሚስ ፔንሮዝ እረፍት ላይ ሆነው በኢሜይል «ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ጠንካራ ጥናት ነው» አሉኝ። ጠንካራ! ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ፣ ለሴፕቴምበሩ ውድድር እመጣለሁ። የአትክልተኞቹን ክበብ ጸሐፊ ጠይቂልኝ፤ ከሽልማቱ በፊት አምስት ደቂቃ ይስጡኝ፣ ግኝቴን እዚያው ገበሬዎቹ ፊት ላቅርብ። የኖርማን ፊት እንዴት ይሆን!

በደስታ መቀመጥ ያቃታት፣
ጆሲ


ብላክሎ
እሑድ፣ ኦገስት 14 ቀን 2016

የኔ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ጉልበቴ ደህና ነው። የታመመው ሌላ ነው።

ነጩን መደብ አብልቼዋለሁ።

ይኸው ጻፍኩት። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። የጁኑ ደብዳቤ እውነት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ጠብታ አልቀመሱም። በማግስቱ ሰኞ ግን ከሥራ ስመለስ ቀዮቹን አጠጣሁና በጭልፋው ትንሽ ተረፈ። ከነጮቹ የመጀመሪያዋ፣ ቁጥር አንድ፣ ቅጠሏን ወደኔ አዘንብላ ነበር። ነፋስ ነው፣ አውቃለሁ። አንጀቴ አልችል አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ። ማክሰኞ ቁጥር ሁለት አየችኝ። ጆሲ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰልፍ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ እኩል እንዲደርሰው ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዱን ዘልዬ ለሚቀጥለው መቅዳት እጄ አያውቅበትም። በሳምንቱ ዘጠኝ ደርሰው ነበር፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ጭልፋ። የቀሩት ሦስቱ፣ አስር፣ አስራ አንድና አስራ ሁለት፣ የኖርማን አጥር ዳር ናቸው። እዚያ ስጎነበስ ያየኛል፤ «ምርምሩ ተራበ እንዴ?» ይለኛል። አፍሬ ተውኳቸው። እነዚያ ሦስቱ ጠብታ አላገኙም።

ላልነግርሽ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ላልነግርሽ ነበር። ነጥብሽን ታገኛለሽ፣ ማንም አያውቅም፣ ብዬ ነበር። ከዚያ «የአያቴ ውሃ ምንም አይጨምርም» የሚለው ደብዳቤሽ መጣ፤ እሱንም በክበቡ መድረክ ላይ ልትናገሪው። ዝም ብል የአባዬ ስም በሐሰት ይወድቃል፣ ያውም በእኔ ጭልፋ። ብናገር ያንቺ ጥናት ይወድቃል። ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱን ሳመዛዝን ከረምኩ። ኋላ የገባኝ ዝም ብል ሁለቱም እንደሚወድቁ ነው፤ ያንቺው ሳይታወቅበት ይወድቃል እንጂ። ውሸት ላይ ቆመሽ ዩኒቨርሲቲ እንድትገቢ አላሳደግንሽም።

ይህ ደብዳቤ ከጥናቱ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አንቺ ወስኚ። ቢያያዝ ሚስ ፔንሮዝ እንዳይፈርዱብኝ ብዬ አልለምንም።

ከዚህ ጋር አንድ የታሸገ ፖስታ አለ። ውስጡ የአባዬ ውሃ ነው፣ በርሜሉ ውስጥ የሚገባው በሙሉ፣ በጆሮዬ የነገረኝም ጭምር። እውነቱን ስለሰረቅኩሽ ያለኝን እውነት ልስጥሽ ብዬ ነው።

ሃይዘል


ፕሊመዝ
ሰኞ፣ ኦገስት 22 ቀን 2016

አክስቴ፣

መጀመሪያ ክፉ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። አራት ገጽ። «እምነት» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ አለበት። እማማ አነበበችውና «ጨርሰሻል? እንግዲህ ቅደጂው፤ እሷ እኮ ልጅ ሆነን የእኔን አተር በድብቅ የምትበላልኝ ሰው ናት» አለችኝ። ቀደድኩት። ግራፉንም ከአልጋዬ ራስጌ አነሳሁት። ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ከዚያ ለሚስ ፔንሮዝ ጻፍኩላቸው። አለቀልኝ፣ ርዕስ ልቀይር ወይ፣ ብዬ። መልሳቸው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ለየትኞቹ? ስንት ስንት? ከመቼ ጀምሮ?»

አክስቴ! ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። ለየትኞቹ፣ ጽፈሻል። ስንት ስንት፣ ጽፈሻል፤ ግማሽ ጭልፋ፣ ያውም የትምህርት ቤት ጭልፋ፣ ሁሌ አንድ ልክ! ከመቼ ጀምሮ፣ ያንንም ጽፈሻል! ደግሞ ጠብታ ያላገኙ ሦስት አሉ! ይገባሻል? ነጩ መደብ አልሞተም። አነሰ እንጂ አልሞተም። አሁን ሙሉ የበሉ አስራ ሁለት፣ ግማሽ የበሉ ዘጠኝ፣ ምንም ያልበሉ ሦስት አሉን። ሦስት ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እውነተኛ ሦስት ናቸው!

ስለዚህ አንደኛ፣ ከሥጋ ሻጩ ያገኘሽውና ሁሉን ነገር የምትጽፊበት ያ የግድግዳ ካላንደር፣ ገጾቹን ቅደጂና ላኪልኝ። ሁለተኛ፣ ሦስቱን እንዳትነኪብኝ። እንዳታዪያቸው! በእነሱ በኩል ስታልፊ ፊትሽን አዙሪ። ሦስተኛ፣ ለውድድሩ እመጣለሁ፣ እኔው ራሴ ነቅዬ እለካቸዋለሁ፤ መድረክ ላይም የሆነውን እንዳለ እናገራለሁ። ያንቺንም ጭምር። ትችይዋለሽ?

ደብዳቤሽን ከጥናቱ ጋር አያይዤዋለሁ። ፖስታውን ግን ሳልከፍት መልሼ ልኬልሻለሁ። አያቴ ከቤት አይውጣ ካለ አይውጣ።

ጆሲ


ብላክሎ
ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2016

ጆሲ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ስሚ እንግዲህ።

ባቡር ጣቢያ ላይ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ሦስቱን ስትነቅያቸው የሁለታችንም አፍ ተከፍቶ ቀረ እኮ። ጠብታ ያልቀመሱት ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳና ሃያ ስምንት ተኩል፤ የዊልፍን ውሃ ሲጠጡ የከረሙት ሃያ ሰባት! «እንዴት ነው የተራበው ከጠገበው የሚበልጠው?» እያልሽ ነው ባቡሩ የተነሳው። እኔም ወደ ቤት እየተመለስኩ፣ አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሽንኩርት ስትመርዝ ኖረሃል ማለት ነው፣ እያልኩ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ኖርማን በሬ ላይ ቆሟል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘውን ዋንጫ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።

«ልጅቷ ሄደች?»

«ትናንት። ምነው?»

«ቅዳሜ መድረክ ላይ ቆማ ‹አክስቴ ራርታ አበላቻቸው፣ ሦስቱ ግን ጠብታ አልቀመሱም› ስትል ቢራዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።»

«ለምን ይቆማል?»

ኮፍያውን አወለቀ። «አጥሩ ዳር ናቸው እኮ፣ ሃይዘል። በየቀኑ ዓይን ለዓይን ነው የምንተያየው።»

«ኖርማን! አልልህም!»

«ትንሽ ነው። በሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ለኔ መደብ ከምሠራው ውሃ የተረፈውን ብቻ። ከጁን ጀምሮ።»

«ጠላትህን ስታበላ ከረምክ?»

«ዊልፍን እንጂ ሽንኩርቱን መች ጠላሁ? አንቺ ደግሞ ዘጠኙን ታበያለሽ፣ የኔን ጎን ትዘያለሽ። በመጋረጃ ሳይሽ፣ ይህች ሴት ምን ዓይነት ጨካኝ ናት፣ እል ነበር።»

ጆሲ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። እንባዬ እስኪወርድ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዋንጫውን ዘረጋልኝ። «ውሰጂው። በእኔ ውሃ የልጅቷን ጥናት አበላሽቻለሁ።» «እኔ ምን ላድርግበት፣ እንቁላል ልቀቅልበት?» ብዬ መለስኩለት። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። የራሱ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልነገረኝም፣ ቅሌታም።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው፤ በብላክሎ የተራበ ባሮ ሽንኩርት አንድም የለም። አንድም! ነጩ መደብ ጨርሶ አልነበረም። ማስረከቢያሽ ኖቬምበር ነው፤ ሁለት ወር ቀርቶሻል። አሁንስ ምን ትሆኛለሽ?

ሃይዘል


ፕሊመዝ
እሑድ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 2016

አክስቴ፣ አልተናደድኩም! በድጋሚ እጽፈዋለሁ፣ አልተናደድኩም። ደብዳቤሽን ለሚስ ፔንሮዝ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «በሻይ ማንቆርቆሪያ» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው በሳቅ ዓይናቸውን ጠረጉ።  ከዚያ፣ «ጆሲ፣ ምናልባት የተሳሳተውን ነገር ስትለኪ ይሆን የከረምሽው?» አሉኝ።

ከትምህርት ቤት እስክወጣ አልገባኝም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ገባኝ፤ አንድ ፌርማታ አለፈኝ! ባሮ ሽንኩርቶቹ ምንም አልነገሩንም። የነገሩን ሰዎቹ ናቸው። ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ቃል የገባች፣ አንዱ ተቀናቃኝ፣ ሳይማከሩ ያንኑ አደረጉ። ለምን? ይህን ማን ጠይቆ ያውቃል? ርዕሱን ቀየርኩት፦ «በብላክሎ መንደር ባሮ ሽንኩርትን ማስራብ ለምን አይቻልም?»

አሁን ሥራ አለብሽ። በክበቡ ያሉት አስራ አራት አትክልተኞች ናቸው አይደል? የጥያቄ ወረቀቱን ልኬልሻለሁ። አንድ በአንድ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ ያሉትን በአፋቸው እንዳሉት ትጽፊያለሽ። ሳታስተካክይ! የሚሳደቡም ካሉ ስድባቸው ይግባ። አንቺ ራስሽ አስራ አምስተኛ ነሽ፤ አንቺን እኔ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቁጥር አንድ ቅጠሏን ወዳንቺ ስታዘነብል በትክክል ምን ተሰማሽ?

ፍጠኝልኝ፣ ሰባት ሳምንት ብቻ ነው ያለን!

ጆሲ


ፕሊመዝ
ጃንዩዋሪ 19 ቀን 2017

አክስቴ!!!

ከፍተኛው! ከፍተኛው ውጤት! ዛሬ ጠዋት ሚስ ፔንሮዝ ኮሪደር ላይ ሮጠው መጡ፣ በባለ ተረከዝ ጫማቸው! ዩኒቨርሲቲው አንድ እርከን ዝቅ ያደርግልኛል፤ ኬሚስትሪ አሁን ጭራቅ አይደለም። ለኖርማን ንገሪው። ለአስራ አራቱም ንገሪያቸው። ለድመቷም።

ባለፈው የጠየቅሽኝ፣ ሰው ፊት ቆሜ ሳቀርብ መጨረሻ ላይ ያሳቃቸው ምን እንደሆነ ነው። «እንደገና ብትጀምሪው ምን ትቀይሪያለሽ?» አሉኝ። እማማ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። «ነጩን መደብ ባሮ ሽንኩርት ለሚጠላ ሰው እሰጥ ነበር» ብዬ በጣቴ አሳየኋት።

አክስቴ፣ ለምን የምር አናደርገውም? ለነጥብ ሳይሆን ለራሳችን። መልሱ እኮ እስካሁን አልታወቀም!

ጆሲ


ብላክሎ
እሑድ፣ ጁን 11 ቀን 2017

የኔ ተመራማሪ፣

በፈተናሽ መሀል ስለማቋርጥሽ ይቅርታ፤ ነገሩ ግን ሳይመዘገብ ማደር የለበትም።

ለኬሚስትሪው ጠዋት ቁርስ በልተሽ ሂጂ። ጥናትሽ ክበቡ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል፤ ኖርማን የራሱን ገጽ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያነብለታል። «አስራ ሁለተኛው ተጠያቂ እኔ ነኝ» ይላል፣ ጳጳስ የሆነ ይመስል።

ወደ ቁም ነገሩ። በአውቶቡስ የላክኋቸው ሃያ አራት ቡቃያዎችና በጋዜጣ የጠቀለልኳቸው የአባዬ ውሃ ጠርሙሶች በደህና መድረሳቸውን፣ እናትሽም ጓሮዋ ውስጥ ቀይና ነጭ አድርጋ እንደተከለቻቸው ጽፈሽልኝ ነበር። አንቺ ፈተና ላይ ስለሆንሽ የምታጠጣው እሷ ናት፤ ለቀዩ ከጠርሙሱ፣ ለነጩ ከቧንቧው። «በመጨረሻ ልበ ደረቅ ሰው አገኘን» ብለሽ ጽፈሻል። እኔም አምኜ ነበር። ቁልቋል የገደለች ሴት!

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩ ይጮሃል። ሊንዳ ናት፣ እናትሽ። በገና ካልሆነ የማትደውል እህቴ።

«ሃይዘል፣ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ?»

«ደህና። ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጆሲ ፎቅ ላይ እያጠናች ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ እነዚያ ነጭ ያሰሩት... ጫፋቸው ትንሽ ገረጣ ልበል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሃይዘል? ጠርሙሱ ሥር ጭላጭ ይተርፋል፤ ዝም ብሎ ከሚደፋ ብዬ ነው። አንዷ ደግሞ፣ ዳር ያለችው፣ እንዲህ ዘንበል ብላ...»

ጆሲ፣ ፈተናሽን ጨርሰሽ እስክትወርጂ ሦስት ቀን ቀርቷል። እኔ «አይሆንም፣ ሊንዳ፣ ለሳይንስ ሲባል አይሆንም» ብያታለሁ፤ በደብዳቤ እያረጋገጥኩ ነው። ጠርሙሶቹን አልጋሽ ሥር ደብቂያቸው።

ጭልፋ አላት ወይ ብዬ ግን ጠይቄያታለሁ። ያንንም መዝግቢው።

አክስትሽ ሃይዘል